ነጠላ፣ ድሪቶ፣ ቺት፦ ጨርቅ በከሚሴ መንገድ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ፣ በብራና ላይ ተጽፎ ይቆያል። ድንጋይ የነገሥታትን ስም ይይዛል፤ ብራና የሊቃውንትን ቃል ይጠብቃል። ጨርቅ ግን የሁሉ ነው። ሕፃን ሲወለድ ይታቀፍበታል፤ ሙሽራ ታጌጥበታለች፤ ሟች ይገነዝበታል። የሁሉ በመሆኑም ያልቃል፤ ሲያልቅ ይጣፋል፤ የተጣፈውም በተራው አልቆ መወልወያ ይሆናል። የታሪክ ጸሐፊ ጨርቅን እምብዛም የማያስታውሰው ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሰነዱ በባለቤቱ ትከሻ ላይ አልቋልና።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደርስ መንገደኛ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ፣ በጨፋ ሜዳ አጠገብ የተቈረቈረችውን ከሚሴን ያገኛል። ከተማዋ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በዞኑ ውስጥ ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ደዌ ሐረዋና ጅሌ ጥሙጋ ይገኛሉ። በስተምዕራብ ደጋው፣ በስተምሥራቅ የአፋር ቆላ ያዋስኑታል። ደጋና ቆላ በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ ገበያ አለ፤ ገበያ ባለበትም ጨርቅ አለ። የባቲ የሰኞ ገበያና የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ስማቸው ርቆ የተሰማው አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ጨውና ከብት፣ እህልና ሸማ ይዘው ስለሚገናኙባቸው ነው። ስለዚህ የዚህን አካባቢ የጨርቅ ታሪክ መመርመር አገር በቀሉ ሸማ ከባሕር ማዶ ከመጣው የኅትመት ጨርቅ ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ መመርመር ማለት ነው።

ድርብ በድርብ ላይ

በአገራችን የሸማ ስሞች ውስጥ አንድ ጥንታዊ የአሠራር ሥርዓት ተደብቆ ይገኛል። ነጠላ እንደ ስሙ አንድ ነጠላ ንጣፍ ነው። ኩታ ሁለት ድርብ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ጋቢ ለባሹን ከብርድ የሚጠብቀው ክሩ ስለ ወፈረ ብቻ አይደለም፤ በድርቦቹ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀትን አፍኖ ስለሚይዝም ነው። በሌላው ዓለም ሁለት ጨርቅ ደራርቦ፣ በመካከላቸው ጥጥ ወይም ሱፍ ጨምሮ፣ ላዩን በመርፌ እየወጉ ብርድ ልብስ የመሥራት ጥበብ የተመሠረተው በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው። ልዩነቱ የኢትዮጵያ ሸማኔ መሙያ ሳያሻው በድርቡ ብቻ ሥራውን መፈጸሙ ነው።

ሥራው ረጅም ነው። ጥጡ ተለቅሞ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ይባዘታል፤ ከዚያም በሴቶች እጅ በእንዝርት ይፈተላል። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አግብቶ፣ ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያቀበለ ይሸምናል። ጥለቱ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ቀለም ያለው ክር በድሩ መካከል በጣት እየተቈጠረ ስለሚገባ እንደ ስፋቱና እንደ ርቀቱ ቀናትን፣ ሳምንታትን ይጠይቃል። በዚህ አካባቢ ከንግዱ ጎን ለጎን በሽመና ስሙ የታወቀው የአርጎባ ሕዝብ ነው፤ በድንጋይ ቤቶቿ የምትታወቀው የአርጎባዎቹ መንደር ሾንኬም የምትገኘው ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ በተራራ ላይ ነው። ሆኖም ሸማኔው የሚያለብሰው ማኅበረሰብ ራሱ ሸማኔውን ሲንቀው ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በእጅ ሥራ አዳሪውን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ መደንገግ የደረሱት ንቀቱ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያመለክታል።

ከሸማው ታሪክ ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም የድሪቶ ታሪክ ነው። ደረተ ማለት እራፊ በእራፊ ላይ ጣፈ፣ ቀጣጠለ ማለት ነው። ድሪቶም ከዚህ የወጣ ስም ነው። ከአንዱ አሮጌ ቀሚስ ጫፍ፣ ከሌላው ኩታ መካከል፣ ከባል እጀ ጠባብ ጀርባ ተቀድዶ የተረፈው ሁሉ በመርፌ ተያይዞ ሌሊት መኝታ፣ ቀን መጎናጸፊያ ይሆናል። በአማርኛ ቃሉ የድህነት ስም ነው፤ «ድሪቶ ለባሽ» ስድብ ነው። ነገር ግን ድሪቶን የሰፋች ሴት ሦስት ነገር ማወቅ አለባት፤ የትኛው እራፊ ገና ጉልበት እንዳለው፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ፣ ስፌቱ የት ጠብቆ የት እንደሚላላ። ይህ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ስም ያላገኘው ባለቤቶቹ ድሆች ስለ ነበሩ ነው።

መንገዱ ያመጣው

የባሕር ማዶ ጨርቅ ወደ ሸዋና ወሎ የገባው በመጀመሪያ በግመል ነው። ከታጁራና ከዘይላ ወደቦች ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በአሊዩ አምባ በኩል ወደ ይፋትና ወደ አንኮበር የሚወጣው የሲራራ ንግድ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ያወርዳል፤ ጨርቅና ብረት ወደ ደጋ ያወጣል። በዚያው መንገድ ሰውም እንደ ሸቀጥ ወርዷል፤ ይህንን ታሪክ ሳያስታውሱ ስለ ጨርቁ ብቻ ማውራት አይቻልም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በገበያው ላይ ከሁሉ የገነነው አቡጀዲድ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ «መሪካኒ» የተባለው ይህ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ስሙ እንደሚናገረው በአሜሪካ ፋብሪካዎች የተሠራ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ ቆንስል ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ለመፈራረም አዲስ አበባ ድረስ የመጣበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት የዚህን ጨርቅ ገበያ ለመጠበቅ ነው። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በዲፕሎማቶች ብዕር ከመጻፉ በፊት በአቡጀዲድ ተሸምኖ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ አሜሪካኑን ከገበያ ገፍቶ ቦታውን ወሰደ። አቡጀዲድ እጀ ጠባብ ሆነ፤ ሱሪ ሆነ፤ ድንኳን ሆነ፤ ለሙስሊሙ ከፈን ሆነ።

ከአቡጀዲድ ጋር ቺት መጣ። ቺት በአበባና በቅጠል ሥዕል የታተመ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ ነው። ስሙም ሥራውም የህንድ ነው። በዚህን ጊዜ በአካባቢው ሴት ልብስ ላይ አንድ ለውጥ ታየ። በሸማ ላይ ቀለም የሚገባው በጥለቱ፣ ማለትም በጠርዙ ነበር፤ ቺት ግን ቀለሙን በመላው አካል ላይ በተነው። ሽርጡ፣ ሻሹ፣ ኋላም ድሪያው የቆላውን ገበያ በቀለም ሞላው።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ የአሰብ መንገድ ለመኪና ተከፈተ። ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወስደው ቀጥተኛ መንገድ እስኪሠራ ድረስ ከአሰብ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ጭነት በባቲ ወጥቶ፣ ኮምቦልቻን ረግጦ፣ በከሚሴና በደብረ ሲና በኩል ያልፍ ነበር። እንግዲህ የከሚሴ ነጋዴ የዓለምን ጨርቅ ለማየት ከበረንዳው መራቅ አላስፈለገውም። በዚያው በረንዳ ላይ የሲንጀር መኪናውን በእግሩ እየመታ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ከመንገዱ የወረደውን ጨርቅ በሰው ልክ የሚለውጥ የመጨረሻው እጅ ሆነ። ከእርሱ መኪና ሥር የሚወድቀው ቁርጥራጭም ለድሪቶው አዲስ ምንጭ ሆነለት።

አገሪቱም የራሷን ጨርቅ በፋብሪካ መሥራት ጀመረች። በወረራው ዘመን የተቋቋመው የድሬዳዋ ፋብሪካ ቀዳሚ ነው። በ1953 ዓ.ም. ኢጣሊያ በከፈለችው የጦርነት ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ፋብሪካ ተከተለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ለከሚሴ እጅግ የሚቀርበው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመ፤ አንሶላውና ፎጣው በአካባቢው ቤቶች ሁሉ ገባ።

በዚያው ዘመን በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ባቲ ከአገሪቱ ታላላቅ የመጠለያ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ብዙ ሰው የመጣው በላዩ ባለችው እራፊ ብቻ ነበር። ከደጋ የመጣው በበረሃው ዳር ሌሊት የሚነፍሰውን ብርድ የሚከላከልበት የሌለው ነበር። ያን ጊዜ ብርድ ልብስ ከእህል ቀጥሎ የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ድሪቶን ከውበት አንጻር ብቻ ለመመልከት የሚሻ ሁሉ ይህንን ዓመት ማስታወስ ይገባዋል።

ሥዕል የታተመበት ጨርቅ በዓለም ታሪክ

የታተመ ጨርቅ በሄደበት ሁሉ ከሸማኔ ጋር ሳይጣላ አላለፈም። በ17ኛው መቶ ዓመት የህንድ ቺት አውሮፓ በገባ ጊዜ ገዢው ወደደው፤ የሱፍና የሐር ሸማኔው ግን ዕለት እንጀራው ተነካ። ፈረንሳይ ከ1686 እስከ 1759 እ.ኤ.አ. ኅትመት ጨርቅን ከለከለች። በ1719 እ.ኤ.አ. የለንደን ሸማኔዎች ቺት የለበሱ ሴቶችን በመንገድ ላይ እያሳደዱ ልብሳቸውን ቀደዱ፤ በ1721 የወጣው ሕግም ልብሱን ከለከለ። እገዳው ግን ፍላጎቱን አላጠፋውም። በ1783 እ.ኤ.አ. ቶማስ ቤል የተባለ የስኮትላንድ ሰው በተቀረጸ የመዳብ ጥቅል ጨርቅ የሚያትም መኪና የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ እንግሊዝ የከለከለችውን ጨርቅ ራሷ ለዓለም ሻጭ ሆነች፤ የህንድን አታሚና ሸማኔም ከገበያ አስወጣች።

በዚያው ዘመን የእንግሊዝ አታሚዎች አንድ አዲስ ነገር አመጡ። በድርብ ብርድ ልብስ መካከል ተሰፍቶ የሚገባ፣ ዙሪያው በእራፊ የሚታጀብ የተዘጋጀ የሥዕል ቁራጭ ማተም ጀመሩ። የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ 50ኛ ዓመት በ1810፣ የቪቶሪያ ጦርነት ድል በ1813 እ.ኤ.አ. በእንደዚህ ያለ ቁራጭ ላይ ታትመው ወጡ። ሴቲቱ መካከለኛውን ሥዕል ከሱቅ ገዝታ ዙሪያውን በራሷ እራፊ ትሠራለች ማለት ነው። በዚያው መቶ ዓመት ደግሞ እራፊ የተጣፈበት የሚመስል፣ ነገር ግን አንድ ወጥ ሆኖ የታተመ ጨርቅ ወጣ። አሜሪካኖች ኋላ «አታላይ ጨርቅ» የሚል ስም አወጡለት። የድሪቶው መልክ ብቻ ቀረ፤ መርፌዋም እጇም ከሥራው ወጡ።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ሠዓሊ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ሥዕሉን በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ኖረዋል። ሥዕሉ በአንድ ስፍራ ይሠራል፤ በሌላ ስፍራ ከሕንፃው ጋር ይዋሐዳል። በወሎ ሙስሊም ቤቶችም የመካ ሥዕል ያለበት ስጋጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መታየቱ የተለመደ ነው። ከውጭ የመጣ ሥዕል የቤቱን እምነትና ክብር ሊሸከም እንደሚችል ሁለቱም ያስረዳሉ።

ድሪቶን ከውርደት ወደ ክብር ያወጡ ሕዝቦችም አሉ። በህንድ አገር በካርናታካ ግዛት የሚኖሩት ሲዲዎች ከምሥራቅ አፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ህንዶች እንደነዚህ ያሉትን አፍሪካውያን «ሐብሺ» እያሉም ይጠሯቸው ነበር። ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው ማለት ስሕተት ቢሆንም በስሙ ውስጥ የዚህች አገር ጥላ አለ። የሲዲ ሴቶች አሮጌ ልብስ ቀድደው «ካዋንዲ» የተባለ ድርብ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ከአንዱ ማዕዘን ጀምረው ዙሪያውን እየሰፉ ወደ መካከል ይገባሉ። በመጨረሻም በአራቱ ማዕዘን «ፉላ»፣ ማለትም አበባ የሚሉትን ተጣጥፎ ሦስት ማዕዘን የሆነ እራፊ ያኖራሉ። ፉላ የሌለው ብርድ ልብስ በእነርሱ ዘንድ ራቁቱን ነው። በአሜሪካ አላባማ ደግሞ ጥቁር ገበሬ ሴቶች በ1966 እ.ኤ.አ. በመብት ትግሉ መካከል የብርድ ልብስ ሰፊዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው እራፊውን መተዳደሪያቸው አደረጉት። በሁለቱም ስፍራ ጨርቁ ያው አሮጌ ጨርቅ ነው፤ የተለወጠው ዐይን ነው።

የቀለም ጠብታ

ዛሬ ከሚሴ የደረሰው ማዕበል የዲጂታል ኅትመት ነው። በጃፓን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለፋብሪካ ሥራ የዋለው፣ ከ2000 ወዲህ በዓለም የተስፋፋው ይህ ዘዴ የተቀረጸ ጥቅል አያሻውም። ሥዕሉ በኮምፒዩተር ውስጥ ይዘጋጃል፤ መኪናው ከጠጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች የቀለም ጠብታ እየረጨ ሥዕሉን በጨርቁ ላይ ይዘራዋል። ለጥጥ ጨርቅ ቀለሙ ከክሩ ጋር እንዲዋሐድ ጨርቁ አስቀድሞ በመድኃኒት ይዘጋጃል፤ ከታተመ በኋላ በእንፋሎት ይታጠናል፤ ይታጠባል። ለፖሊስተር ደግሞ ሥዕሉ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲጫን ቀለሙ ተንኖ ወደ ክሩ ይገባል። በቀድሞው ዘዴ የመዳብ ጥቅሉን ማስቀረጽ ውድ ስለ ነበር አታሚው በሺህ የሚቈጠር ሜትር ካላተመ ወጪውን አይመልስም። በአዲሱ ዘዴ አንድ ሜትር ማተምና ሺህ ሜትር ማተም በየሜትሩ የሚጠይቁት ወጪ ብዙ አይራራቅም።

ይህ ኃይል በኢትዮጵያ ገበያ ላይ በመጀመሪያ የታየው በጥለቱ ላይ ነው። የሸማኔው ጥለት ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በሩቅ አገር በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ታትሞ፣ «የሐበሻ ቀሚስ» ተብሎ ተመልሶ ገባ። የኦሮሞ ባህል ልብስ ቀለማትና ምልክቶች፣ የኦዳው ዛፍ ጭምር፣ እንዲሁ በጥቅል ጨርቅ ላይ ታትመው ይሸጣሉ። ዋጋው ይቀላል፤ ይታጠባል፤ ቶሎ ይደርቃል። ለበዓል ልጆቿን ሁሉ ማልበስ የምትሻ የከሚሴ እናት ይህንን ብትመርጥ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ድሀ እንዲያጌጥ ማድረግ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ቺትም በዘመኑ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

የሸማኔው ጥያቄ ግን መልስ ይሻል። ቅርጹን ከአባቱ ተምሮ በጣቱ የቈጠረው እርሱ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው አላስፈቀደውም፤ አታሚው አልከፈለውም። አንድ ቅርጽ ለዘመናት በአንድ ማኅበረሰብ እጅ የኖረ እንደ ሆነ ባለቤቱ ማን ነው? ሸማኔው ሥራውን ቢተው የሚቀጥለው አታሚ ከየት ይቀዳል? ቅጂው ምንጩን ካደረቀ በኋላ ራሱን መቅዳት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ጥለት ማንም ያልሸመነው፣ ማንም ትርጉሙን የማያውቀው የቀለም ጥርቅም ይሆናል።

እጅና መኪና

የለንደን ሸማኔዎች ታሪክ እንደሚያስተምረው ልብስ በመቅደድ ኅትመትን ማስቆም አልተቻለም። ትምህርቱ በሌላ አቅጣጫ ይገኛል። ዲጂታል መኪና አንድ ሜትር ለማተም የማይሰንፍ ከሆነ የሩቅ ነጋዴ ብቻ መሣሪያ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት የለም። የከሚሴ የሥዕል መምህር ተማሪዎቹ የሣሉትን የጨፋን ሜዳ፣ የቦርከናን ወንዝ፣ የባቲን ገበያ በጨርቅ ላይ ሊያሳትም ይችላል። ያ ቁራጭ መካከል ሆኖ፣ ዙሪያው ከልብስ ሰፊው በረንዳ በተሰበሰበ እራፊ ተጥፎ፣ ጀርባው በሸማኔው ቡልኮ ተደርቦ፣ በሴቶች መርፌ ቢወጋ የሚወጣው ሥራ ኅትመትም ሸማም ድሪቶም ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ መኪናው ሥዕሉን ያቀርባል እንጂ እጁን አይተካም። ሸማኔውም፣ ሰፊዋም፣ ሠዓሊውም ድርሻቸውን ያገኛሉ። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ኮምቦልቻ ጎረቤት ናት፤ የጨርቅ ዕውቀት ያለው ሠራተኛም በአካባቢው አለ።

ይህ እንዲሆን ግን ሁለት ነገር መቅደም አለበት። አንደኛው የአካባቢው ጥለቶች ከነስማቸውና ከነትርጉማቸው፣ ከሸማኔዎቹ አንደበት ተመዝግበው መቀመጣቸው ነው፤ ያልተመዘገበ ሀብት ለመከራከሪያ አይበቃም። ሁለተኛው ደግሞ ድሪቶ የሚለው ቃል ከስድብነት መውጣቱ ነው። በየትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ እራፊ መጣፍ እንደ ችግር ማስታገሻ ሳይሆን ቀለምን፣ ቅርጽንና ቁጠባን እንደሚያስተምር ጥበብ ቢሰጥ፣ በሴቶቹ እጅ የኖረው ዕውቀት ከእነርሱ ጋር አያልፍም።

በገበያ ላይ የታተመውን ጥለት ከተሸመነው ለመለየት አዋቂዎች የሚያደርጉት ቀላል ነገር አለ፤ ጨርቁን ይገለብጡታል። የተሸመነ ጥለት በጀርባውም ይታያል፤ የክሩ መውጫና መግቢያ፣ የሸማኔው ጣት ያለፈበት ሁሉ በዚያ አለ። በወረቀት የተጫነው ኅትመት ጀርባ ግን ነጣ ያለ ነው። ድሪቶ ሲገለበጥ ደግሞ ስፌቱ ሁሉ ይወጣል፤ የትኛው እራፊ ቀድሞ እንደ ተጣፈ፣ የትኛው ከዓመታት በኋላ እንደ ተጨመረ ይነበባል። ታሪክ ጸሐፊ በትከሻ ላይ ያጣው ሰነድ በጀርባው ላይ ቆይቶታል።